ጨው አልጨመርኩበትም

ማሙሽ፣

እራትህ ኦቭን ውስጥ ነው። ቋሊማውን፣ ድንቹንና ባቄላውን በቲማቲም አድርጌ ፎይል አልብሼዋለሁ። ኦቭኑን ለኩስና ግማሽ ሰዓት ተወው፤ ከዚያ ፎይሉን አንስተህ ላዩ እስኪጠበስ ጠብቅ። እንደ ባለፈው በባዶ እጅህ እንዳታወጣው፣ ጨርቁ የኦቭኑ እጀታ ላይ ነው።

አዎ፣ ቋሊማው ያው ሥጋ የሌለው ነው። ሁለታችንም አንወደውም። ሐኪሙ እማዬን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሥጋ ሲከለክላት እሷን ለማጀብ ብለን የለመድነው ነው። ዛሬ ሱቅ ገብቼ ሳላስበው አነሳሁት። ቤት ደርሼ ነው ለማን እንደገዛሁት የገባኝ።

ጨው አልጨመርኩበትም። አንተ ጨምርበት።

ስለ ትናንቱ።
ጨው ይዘህ ድስቱ ላይ እንደቆምክ «እሺ እማዬ፣ ተውኩት» ብለህ የጨዉን ዕቃ መልሰህ አስቀመጥክ። እኔም «አበድክ እንዴ? ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ብዬ ጮህኩብህ። እራትህን ሳትቀምስ ክፍልህ ገባህ።

ማሙሽ፣ አላበድክም።
እማዬ «ይበቃል፣ አታብዛው» ስትል እኔም ሰምቻታለሁ። ድምፅዋ ከጀርባዬ ነበር፣ ሁልጊዜ ከምትቆምበት ከማቀዝቀዣው አጠገብ። ዞሬ ማየት ስለፈራሁ ነው አንተ ላይ የጮህኩት።

ፊት ለፊት ልነግርህ አልቻልኩም። ዛሬ ተረኛ ነኝ፣ የምመለሰው ጠዋት ነው። ከእራቱ ትንሽ አስቀርልኝ።

ጨው ስትጨምር ከተናገረችህ መልስላት።
እኔ ትናንት ዝም አልኳት። «እህቴም እሺ ብላለች» በልልኝ።

እህትህ