የተላጠው ላስቲክ

አምቦ፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ግን ጭልሞ፣ ደኑን የምትጠብቅበት ቦታ ኔትወርክ የለም፤ ቅዳሜ ደግሞ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። አንተ ማንበብ የተማርከው በአማርኛ ስለሆነ በአማርኛ ጻፍኩልህ፤ ስህተቴን እለፈው።

ጉደር መለዋወጫ ሱቅ ያለው ገለታ እንደሚፈልገኝ አጎቴ ገቢሳ ነግሮህ ነበር። አንተም “መጀመሪያ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ” ብለህ መለስክ። ገለታ ግን በጥር አዲስ ስልክ ላከልኝ። አጎቴ ካርቶኑን ቁምሳጥኑ ላይ አስቀመጠና “ዱሬቲ፣ ሳይከፈት ከተመለሰ ማንም አይቀየምም። ከከፈትሽው ግን እሺ ብለሻል ማለት ነው” አለኝ። አንድ ወር ሙሉ አልነካሁትም።

አባዬ፣ ከፈትኩት።

ለገለታ ብዬ አይደለም። የፊዚክስ መምህራችን ቲቸር ሮቤራ ስለ ማግኔት ሲያስተምሩ “ማግኔት የሚለካ ሴንሰር ያለው ስልክ ቤቱ ያለ አለ? የእኔ አሮጌ ነው፣ የለውም” አሉ። ማንም እጁን አላወጣም። እኔ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ እንደማላውቅ ታውቃለህ። የዚያን ቀን ወጣ።

“ኧረ ዱሬቲ፣ ጥያቄ ነው ወይስ ዝንብ እያባረርሽ ነው?” አለች አጠገቤ የምትቀመጠው ለንሳ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እጄን ግን አላወረድኩም።

በማግስቱ ካርቶኑን በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። የስክሪኑ ላስቲክ ላይ ጽሑፍ ስለነበረ ቁጥሩ አልታይ አለን፤ ላጥኩት። ማግኔቱን ያመጣሁት ከተበላሸው ሬዲዮህ ስፒከር ነው፤ ስለፈታሁት አትቆጣኝ። ማግኔቱን ገና ሳናቀርብ ስልኩ ሠላሳ ስድስት አለ።

“ገና በአዲስነቱ ተበላሸ!” አለች ለንሳ።

ቲቸር ሳቁ። “እሱ የመሬት የራሷ ማግኔት ነው። የትም ብትወስዱት አለ። መጀመሪያ እሱን ቀንሱ።”

ቀነስን። በአሥር ሴንቲ ሜትር ሁለት መቶ አርባ፣ በሃያ ሴንቲ ሜትር ሠላሳ ብቻ ሆነ። በግማሽ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር፤ ስምንት እጅ ቀነሰ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ሲጽፉ አየሁ። ስለ ገለታ አንዴም አላሰብኩም።

እሁድ የገለታ እናት መጣች። አጎቴ ሊያሳያት፣ መልሼ ያስቀመጥኩትን ካርቶን ከቁምሳጥኑ ላይ አወረደው። ከፈተችው፣ በጣቷ ስክሪኑን ዳሰሰችና “ላስቲኩ ተልጧል!” ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። “እሷ እኮ አፍራ ነው እንጂ ልቧ ከፈቀደ ቆይቷል!”

“ለፊዚ...” አልኩ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። አቅፋ ሳመችኝ። አጎቴም “በቃ፣ ጾም ሳይገባ ቃል ይታሰር” አለ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ቆምኩ። ያንንም እንደ እሺታ ቆጠሩት።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱ “ሙሽሪት” ይለኛል። ውኃ ልቀዳ ስወጣ “ሙሽሪት”፣ ዳቦ ልገዛ ስሄድ “ሙሽሪት”። ማንም ምንም በማይልበት ሰዓት እንኳ የሆነ ነገር ሲጎትተኝ ይሰማኛል። ያ ሠላሳ ስድስት ትዝ ይለኛል፤ እረፍት ሰዓት ላይ ስልኩን ሜዳ መሐል አውጥቼ ነበር፣ እዚያም ዜሮ አላለም።

ላስቲኩን መልሼ ልለጥፈው ሞክሬያለሁ። አቧራ ገባበት፣ አረፋ ሠራ። አይመለስም።

አባዬ፣ ገለታ መጥፎ ሰው ነው አላልኩም። እኔ ግን የከፈትኩት ካርቶን ነው፤ ሌላ ምንም እሺ አላልኩም። ይህን ለአጎቴ ልነግረው ሦስት ጊዜ በሩ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ።

ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ደኑ አጠገብ ወዳለችው ጊንጪ ለሚሄድ ሹፌር እሰጠዋለሁ። ከደረሰህ ከቅዳሜ በፊት ና። ካልደረሰህም እኔ አልጠብቅም። ነገ ከትምህርት ቤት ስወጣ ስልኩን በካርቶኑ አድርጌ ጉደር እሄዳለሁ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ “የከፈትኩት ለፊዚክስ ነው” እለዋለሁ። ድምፄ እንደ እሁዱ እንቢ ካለኝ፣ ቁጥሮቹን የጻፍኩበትን ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ከሥሩ “አልፈልግም” የሚል ጨምሬበታለሁ።

ልጅህ ዱሬቲ