ለአባዬ፦ መክሳቴ ስለቆመ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን አሥራ አንድ ወር ሆነ። ሙት ዓመትህ ስለደረሰ እማዬ ብቅሉን አስጥታ ጨርሳለች። ከመካነ ብርሃን ዘመዶችህ እነማን እንደሚመጡም በስልክ እየተጠየቀ ነው። እኔ ግን ለማንም ያልነገርኩትን አንድ ነገር ላንተ ልጽፍ ተቀመጥኩ። በአፌ ልናገር ብል እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። መጻፉም ቶሎ አይመጣልኝም። ስምንተኛ ክፍልን ዘንድሮ እየደገምኩ ነው፤ አምና ፈተናው የደረሰው ለቅሶህ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሱቅህን አከራዩ ለስልክ ጠጋኝ ሰጠው። የስፌት ማኪናህን ሦስት ሰዎች ተሸክመው ቤት አመጡት፤ አሁን መስኮቱ ሥር ነው ያለው። እማዬ ረጅም ጊዜ በነጠላ ሸፍናው ቆየች። ከጥምቀት በኋላ ግን አንድ ቀን ነጠላውን ገፈፈችና ፔዳሉን መርገጥ ጀመረች። መጀመሪያ የጎረቤት ብርድ ልብስ ጠርዝ ሰፋች፣ ቀጥላ የተማሪ ሱሪ ማሳጠር ያዘች። ስፌቷ እንዳንተ ቀጥ አይልም። ራሷም "አባትሽ ቢያየው ቁጭ ብሎ ይፈታው ነበር" ትላለች። ክር በተበጠሰባት ቁጥር የምትቆጣው አንተን ነው። "ምን ዓይነት ማኪና ነው ትቶልኝ የሄደ" ትላለች።

ያ የጤና ጣቢያው ቀን ትዝ ይልሃል? አምና ጥቅምት ላይ ስኳርህን ለመለካት ስትሄድ ተከትዬህ ነበር። ሲስተሯ ያንተን ጨርሳ ቀና ስትል እኔን አየችኝ። "ልጅህ ናት? እሷም ትለካ፤ ይሄ ነገር በዘር ይሄዳል" አለችህ። የኔ ገና በሽታ አልሆነም፤ ድንበሩ ላይ ነው፣ ክብደት ብትቀንስ ጥሩ ነው ተባለ። ሰው በተሰለፈበት ክብደቴ ሲነሳ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንተ እስከ ቤት ድረስ ስለሱ አንዲት ቃል አልተነፈስክም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኳህና "ተነሺ፤ ይሄን መድኃኒት ብቻዬን አልውጠውም" አልከኝ። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። መድኃኒት ያልከው የእግር መንገዱን ነው፤ እስከ ወለቃ፣ ሸክላ ሻጮቹ ድረስ ሄደን ተመለስን። ከዚያ በኋላ መንገድ ካልተዘጋ በቀር አንድም ጠዋት አልቀረንም።

ትምህርት ቤት "ዱባ" እንደሚሉኝ ለእማዬ እንኳን ነግሬያት አላውቅም ነበር። ላንተ የነገርኩህ እዚያ መንገድ ላይ ነው። ጎን ለጎን ስንሄድ ፊትህን ስለማላይ ይሆናል፣ አፌ ይፈታ ነበር። አንተ ብዙ ከሄድን በኋላ "እነሱስ ምንድን ናቸው፣ ቃሪያ?" አልክ። በሳቅ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ የጭነት ማኪና ጥሩንባውን ነፍቶብን አለፈ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ልክ እንወስድ ነበር። የሱቁን መጋረጃ ትጋርድና ሜትሩን ትሰጠኛለህ፤ እኔ ወገቤን ለክቼ ቁጥሩን እነግርሃለሁ፤ አንተ የደንበኞችህን ልክ በምትጽፍበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ታሰፍረዋለህ። ከላይ በኩል "እኔ" እና "ልጄ" ብለህ ጽፈሃል። ከኔ ቀጥሎ ጀርባህን ሰጥተኸኝ ራስህን ትለካለህ። የሁለታችንም ቁጥር በየሳምንቱ ይወርዳል። "በለጥሽኝ" ትለኛለህ። "ደረስክብኝ" እልሃለሁ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጨዋታ ከማንም ጋር ተጫውቼ አላውቅም።

ሰኔ በገባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አብረን ሄደን ተመለስን። ከሰዓት በኋላ ስፌት ማኪናህ ላይ እንደተቀመጥክ ወደቅህ። ሐኪሞቹ ደም ግፊት ነው አሉ። ሌላውን አልጽፈውም።

በለቅሶው ጊዜ ምግብ አልወርድ አለኝ። ሰው ያመጣልን እንጀራና ወጥ በየሰሃኑ ይደርቃል። ከአርባህ በኋላ እማዬን አስፈቅጄ ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ። ቀነስኩ፣ አባዬ። ጥቁሩ ቀሚሴ ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠለ። እህትህ አክስቴ ጥሩዬ ጥቅምት ላይ ከመካነ ብርሃን ወርዳ ስታየኝ ደረቷን ደቃች። "ምነው ልጄ፣ ምነው እንዲህ ሟሸሽ፤ ወንድሜን ተከትለሽ ልትሄጂ ነው?" አለችኝና አለቀሰች። ጎረቤቶቹም ከንፈራቸውን መጠጡ። "አባቷን እንዴት ብትወደው ነው" ይላሉ ከኋላዬ።

እኔ እኮ ያን ሁሉ የቀነስኩት በሐዘን ብቻ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ግማሹ መንገዱ ነው፣ ግማሹ ያንተ ደብተር ነው። ግን ዝም አልኩ። ድሮ ሲያዩኝ "ተመችቶሻል" ይሉኝ የነበሩ ሰዎች አሁን በአዘኔታ ያዩኛል፤ መታየቱን ወደድኩት። ስላንተ ማልቀሴን በአፌ መናገር ስለማልችል ሰውነቴ ሲናገርልኝ ጊዜ ተውኩት። አንደኛው ጥፋቴ ይሄ ነው።

ደብተሩን አልተውኩትም። "እኔ" ባልከው ሥር ቁጥሩ ግንቦት መጨረሻ ላይ አበቃ፤ "ልጄ" ባልከው ሥር ግን እኔው ራሴ እየጻፍኩ ቀጠልኩ። እስከ የካቲት ቁጥሩ ወረደ። የዐቢይ ጾም ሲጋመስ ቆመ። መጀመሪያ ሜትሩን አጣምሜ ይዤው ነው ብዬ ደግሜ ለካሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ያው ነው። በሚቀጥለውም ያው። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ጀመርኩ፣ ዳቦ ተውኩ። መንገዱንም ከወለቃ አሳልፌ ዳገቱ እስኪጀምር ድረስ አስረዘምኩት። አንድ ቁጥር ሰባት ጊዜ ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ ደብተሩ ላይ አለ።

በፋሲካ ማግስት አክስቴ ጥሩዬ መጣች። ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት "አሁን ሸጋ ሆንሽ፤ ፊትሽ ተመለሰ፤ ሐዘኑ ወጣልሽ" አለችኝ። በደስታ ነው ያለችው። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ጠላዋን እያስቀመጠች "ልጅ አይደለች፤ ልጅ ይረሳል" አለች። ማንም ልብ አላለውም። እኔ ግን ውስጤ ገባ።

መክሳቴ ሐዘን ከነበረ፣ መቆሙ መርሳት ነው ብዬ አሰብኩ። አልቅሼ ያላደርኩባቸውን ቀናት ቆጠርኩ፤ ብዙ ነበሩ። የሳልህ ድምፅ እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ከመምጣቱ በፊት ትንሽ ቆየብኝ። በጣም ፈራሁ።

ስለዚህ ጾም ያዝኩ። በበዓለ ሃምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳን በሚበላበት፣ ካህናቱ ራሳቸው በሚፈስኩበት ጊዜ። ቁርስ "ትምህርት ቤት እበላዋለሁ" ብዬ ይዤ እወጣና ለውሻ እሰጠዋለሁ፤ ምሳ "በልቻለሁ" እላለሁ። አክስቴ ሙት ዓመቱ ሲወጣ ጥቁሩን እንድናወልቅና ለኔም አዲስ ጨርቅ እንደምታመጣ ስትናገር "እኔ አላወልቅም" አልኳት። ሁሉም ስላንተ መሰላቸው፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ። እውነቱን ልንገርህ፣ ግማሹ ስላንተ ነበር። ግማሹ ግን ጥቁሩ ስለሚሸፍነኝ ነው። ቀጭን ሳልሆን ሰው ፊት በቀለም ልብስ መቆም አልፈለግኩም።

ባለፈው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ወለቃ ላይ ዓይኔ ጨለመ። ራሴን ሳውቅ አንዷ ሸክላ ሻጭ ጀርባዬን ደግፋኝ ውኃ ትረጨኛለች። "በልተሻል?" አለችኝ። "ጾም ነኝ" አልኳት። "የምን ጾም? እኛ ሳንሰማ ሌላ ታወጀ እንዴ?" አለችና ቁርሷን ከአገልግሏ አውጥታ ከፊቴ አስቀመጠች፤ ቁራሽ ዳቦ ነበር። እስክጨርሰው ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ ባጃጅ አስቁማ ቤት ድረስ አመጣችኝና ለእማዬ ሁሉንም ነገረቻት።

እማዬ ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ገብታ ከፍራሼ ሥር ደብተርህን አወጣችው። እዚያ መሆኑን ታውቅ ኖሯል። የማኪናው ወንበር ላይ ተቀመጠችና የመጨረሻውን ገጽ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የኔን አየች፣ ያንተን አየች። ከዚያ ሳቀች። አባዬ፣ ከሰኔ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

"ይሄ ያባትሽ መስመር ውሸት ነው" አለችኝ። "ቀበቶውን አላይም? ከጥር ወዲያ ያችው ቀዳዳ ላይ ነበረች። መክሳቱ ቆሞበት ነበር። ዞር ብሎ ሆዱን ይስብና ትንፋሹን ይዞ ይለካል። ምነው ትዋሻለህ ስለው፣ ልጅቷ ከምትቆም እኔ ብዋሽ ይሻላል ይለኛል።"

የደንበኛ ልብስ ላይ ግማሽ ጣት ብትሳሳት ቀኑን ሙሉ እህል የማይቀምስ ሰው ነበርክ። አምስት ወር ሙሉ በገዛ እጅህ የውሸት ልክ ጻፍክ። ጀርባህን ለምን እንደምትሰጠኝ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም፤ የምታፍር መስሎኝ እኔም ወደ መጋረጃው እዞር ነበር።

"ታዲያ ካልቀነሰ ምነው ይሄድ ነበር?" አልኳት።

"ስኳሩ ወርዶለት ነበር። እንቅልፍም ይወስደው ነበር" አለች። ከዚያ ደብተሩን ዘጋችና መስኮቱን እያየች፣ "ደግሞ አንቺ የምታወሪው እዚያ ብቻ ነው። ወሬኛ ናት እኮ፣ አንቺ አታውቂያትም ይለኛል። እቀናባችሁ ነበር" አለችኝ።

የዚያን ቀን ያለቀስኩት ለቅሶ ከቀብርህ ቀን ይበልጣል። እማዬ አላባበለችኝም። ሲያበቃልኝ ሽሮ አቀረበችልኝና አብረን በላን።

ሰኞ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ያቺው ሲስተር ናት ያለችው። ስላንተ ስትሰማ ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች። ከዚያ ሰውነት ሲቀንስ ቆይቶ ይለምድና እንደሚቆም፣ ይሄ ሁሉንም ሰው እንደሚያጋጥም፣ የኔም ጥፋት እንዳልሆነ ነገረችኝ። "ገና እያደግሽ ነው፤ ምግብ መዝለል መክሳት ሳይሆን መታመም ነው" አለችኝ። በየሳምንቱ መለካቱን እንድተው፣ ቁርሴን እንዳልተው፣ መንገዱን እንድቀጥል መከረችኝ። ስኳሬ ከድንበሩ ተመልሷል። ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ላንተ ልነግርህ ነው፤ ወደ በሩም ዞርኩ።

አሁን ቀለለኝ ብልህ እዋሻለሁ። ያ ቁጥር እዚያው ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ስደርስ አሁንም ደብተሬን ሆዴ ላይ አድርጌ ነው የምገባው። ቁርሴን ስበላ አንዳንዴ ያጠፋሁ ይመስለኛል። እማዬ ማኪናው ላይ ሆና እየሰፋች በጎን ታየኛለች፤ እስክጨርስም አትነሳም።

ቅዳሜ አብራኝ ወጣች። ከእማዬ ጋር መሄድ እንዳንተ አይደለም። ያገኘችውን ሁሉ ትስማለች፣ የታመመ ካለ ትጠይቃለች፣ ጠጠር የገባበትን ጫማዋን እያወለቀች ታራግፋለች። ወለቃም ሳንደርስ ፀሐይ ወጣችብን። ስንመለስ ፈተናውን ዘንድሮም እንዳልወድቅ እንደምፈራ ነገርኳት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። እሷም እየሄደች ነበር፣ ፊቷን አላየሁትም።

በሙት ዓመትህ ጥቁሩን አወልቃለሁ። ለአክስቴ በስልክ ነግሬያታለሁ። ጨርቁን ይዛ ትመጣለች፤ ልኬን የሚወስደው ሌላ ሰው ነው። እስካሁን የለበስኩትን ሁሉ የሰፋኸው አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው ሲለካኝ እንዴት እንደሚቆም አላውቅም።

ሰዎች ያን ቀን አይተውኝ "ረሳችው" ይሉ ይሆናል። ይበሉ። ማስረዳት አልችልበትም፤ አንተ ታውቃለህ። እስካሁን አንተን ማሰብ ማለት መራብ መስሎኝ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ግን ቁርሴን በልቼ እወጣለሁ፤ ስሄድም የሆነውን ሁሉ በልቤ እነግርሃለሁ። ብከሳም ባልከሳም፣ ጉንጬ ቢሞላም አስብሃለሁ። አባዬ፣ ጠግቤም አስብሃለሁ።

ልጅህ፣
ትርንጎ