ስለ ጉረኛው አናጢና ስለ ቁጥር ሁለት ቁልፍ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? የቀኝ እጅዎ መንቀጥቀጥ ቀነሰልዎ ወይስ አሁንም ሻዩን ለሳህኑ እያካፈሉ ነው የሚጠጡት? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃውን ሲወጡ ግድግዳውን ይይዛሉ ወይስ እንደ ልማድዎ «እኔን ማን ሊደግፈኝ!» ይላሉ? ሳሉ በርትቶብዎ እንደነበር ታናሽ እህቴ ጽፋልኝ ነበርና እሱም ለቀቅ እንዳደረገዎት ተስፋ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። ናፍቆቱ እንዳለ ነው፤ በየደብዳቤው መድገሙ ስለሰለቸኝ ግን እንደተጻፈ ይቁጠሩልኝ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ አምስት ሳምንት አልፎታል። መልሱ የዘገየው በስንፍና አይደለም፣ ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። ጽሕፈቱ የእህቴ ነው፤ ቁጣው የእርስዎ ስለሆነ ማን እንዳጻፈው ለመለየት አልተቸገርኩም። ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሚቀርበውን የአናጢውን ፕሮግራም ሊያስቀሩት ነው የሚል ወሬ ሰምተው ኖሯል። «አንቺ ቆጣሪዎቹ ዘንድ ተቀምጠሽ ዝም ትያለሽ?» ብለዋል። ቀጥለውም «አንድ ቁጥር ብትጨምሪበት ማን ያውቅብሻል?» ብለዋል። ይህችን ሦስት ጊዜ አነበብኳት፤ ከእርስዎ አፍ የወጣች አልመስል አለችኝ።

ሰውየውን እንደማይወዱት አውቃለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ «ጉረኛው» ከማለት ሌላ ስም አልሰጡትም። መጋዝ አያያዙ አይጥምዎትም፣ ሙጫ ያበዛል ይላሉ፣ ሚስማር በሚበቃበት ቦታ ብሎን ያባክናል ይላሉ። ሆኖም እጅዎ መሣሪያ አልይዝ ካለ ወዲህ በሳምንት ግማሽ ሰዓት የሚሠሩት በእሱ እጅ ነው። እህቴ እንደነገረችኝ እሱ እንጨት ሲልግ የእርስዎ ትከሻ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የጠየቁኝ ነገር ትንሽ እንዳልሆነ ይገባኛል።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት ሥራዬ ምን እንደሆነ ላስረዳዎት፤ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ቴሌቪዥን ቤት ናት» እያሉ እንደሚያወሩ ደርሶኛል። ቴሌቪዥን ቤት አይደለሁም። ማን ምን እንዳየ የሚቆጥር መሥሪያ ቤት ነው ያለሁት። የሰውን ሳሎን ሁሉ የምናይበት መስኮት የለንም፤ ያሉን በዕጣ የተመረጡ ስምንት መቶ ቤቶች ናቸው። በእያንዳንዱ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምታህል ሳጥን እናደርጋለን። ሳጥኗ የትኛው ጣቢያ እንደተከፈተ ታውቃለች፤ ፊት ለፊቷ ማን እንደተቀመጠ ግን አታውቅም። ለዚህ ነው ለቤተሰቡ አንዲት ሪሞት የምንሰጠው። ቁልፍ አንድ የእናት፣ ሁለት የአባት፣ ሦስት የልጅ እያለ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ የእንግዳ ቁልፍ አለ። ሊያይ የተቀመጠ ሰው የራሱን ይጫናል፣ ሲነሳ መልሶ ይጫናል። ካልተጫኑ ቀይ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች ትነዘንዛለች። ሳጥኗ የሰበሰበችውን በስልክ መስመር ትልክልናለች፤ ጠዋት ስንገባ ታትሞ ይጠብቀናል። እርስዎ ከግንዱ ላይ ስንጣሪ ወስደው ነክሰው «ይህ ዛፍ ውስጡ እርጥብ ነው» እንደሚሉት መሆኑ ነው። ከነዚያ ቤቶች ውስጥ አንድ ሰው ቁልፉን ሲጫን፣ ወረቀቱ ላይ አራት ሺህ ሰው አየ ተብሎ ይጻፋል።

የእኔ ድርሻ ሠላሳ ሁለት ቤት ነው። ቦርሳዬን አንግቼ እዞራለሁ፤ ባትሪ እቀይራለሁ፣ ሽቦ አስተካክላለሁ፣ «እባካችሁ ቁልፉን አትርሱ» እያልኩ እለምናለሁ። የሰው ጉድ አያልቅም። ጸጉር አስተካካዩ ዜና ሲጀምር ቁልፉን ተጭኖ ገና አርዕስቱ ሳያልቅ ያንኮራፋል፤ ሳጥኗ ዓይን ስለሌላት እንቅልፉ ዜና ሆኖ ይመዘገብለታል። ፋርማሲ የምትሠራው ሴትዮ እኔ የምመጣበት ሳምንት ከሆነ ስለ ሳይንስ ብቻ ታያለች፤ ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ወደ ድራማዋ ትመለሳለች። አንድ ቤት ደግሞ ቀይ መብራቷ ስላናደደቻቸው ሳጥኗን ካልሲ አልብሰው አገኘኋቸው።

አንድ ሳልነግርዎት የቆየሁት ነገር አለ። ባለፈው ዓመት ዕጣው ሲወጣ ከስምንት መቶዎቹ አንዱ የእርስዎ ቤት ነበር። ስምዎን ዝርዝሩ ላይ ሳየው ደነገጥኩ። ደንቡ ግን የሠራተኛ ዘመድ ቤት ሳጥን አይገባም ይላል። ሄጄ «ይህ አባቴ ነው» አልኩ፣ አለቃዬም በቀይ ሰረዘዎት፤ ሳጥኗ ሌላ ቤት ገባች። ሰባት ዓመት አንድም ሐሙስ ያልሳቱት ሰውዬ ያልተቆጠሩት በእኔ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ብዙም አልከበደኝም ነበር።

የታተመው ወረቀት ከእኛ ወጥቶ ወደ ጣቢያው የፕሮግራም ኃላፊ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ላደርስለት ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ረጋ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። የአናጢውን ፕሮግራም አይቶት ያውቅ እንደሆነ ብጠይቀው «ጊዜ የት አግኝቼ!» አለኝ። እሱ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር አለ፣ ከመቶ ሰው ሁለት ሰው። በየሦስት ወሩ ሲደመር ከዚያ በታች የተገኘ ፕሮግራም ይነሳል። ማስታወቂያ የሚያስነግሩትም የተመልካቹን ዕድሜ ያያሉ፤ ሽማግሌ የለመደውን ሳሙና አይለውጥም ብለው ያምናሉ። ጉረኛውን የሚያዩት ደግሞ አብዛኞቹ የእርስዎ እኩዮች ናቸው። ስለዚህ የሚሟገትለት አልነበረም፤ ከመስመሩም ብዙ ከፍ ብሎ አያውቅም። በአንድ ቁልፍ ወይም በሁለት ቁልፍ ብልጫ እየተንጠለጠለ ነው የቆየው።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት የሄድኩት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ቤት ነበር። ሁለት ክፍል ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥን፣ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለ፤ የአንዱን ወንበር መደገፊያ የሰው ክርን አጎድጉዶታል። ባለቤታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ከቤቶቼ ሁሉ የሚታመኑት እነሱ ናቸው፤ ሐሙስ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቁልፍ ሁለት ቀርቶ አያውቅም። ባትሪውን እየቀየርኩ «አባወራውስ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ካረፈ አራት ወሩ» አሉኝ። ነፍስ ይማር ብዬ ተቀመጥኩ፤ የያዝኩት ወረቀት ላይ ግን ባለፈው ሐሙስም ቁልፍ ሁለት ተጭኗል።

ማን እንደሚጫነው ስጠይቃቸው ምንም አልደነገጡም። «እኔ ነኛ!» አሉ። ሰውየው በመጨረሻው ጊዜ ሪሞቱን ማየት ስላቃታቸው «ተጫኝልኝ» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ይጫኑላቸውና ወደ ካውያቸው ይዞራሉ። አሁንም ሰዓቱ ሲደርስ የባላቸውን ቁልፍ ይጫኑና ወደ ካውያቸው ይዞራሉ። ታዲያ የራስዎን ቁልፍ አንድ ለምን አይጫኑም አልኳቸው። «እኔ ያንን እንጨት ፈላጭ አላይም፤ ሳላይ አየሁ ብዬ ልዋሽ?» ብለው ተቆጡኝ። አባባ፣ ሳቄ መጥቶ ዋጥኩት። በዚያ ቤት አራት ሺህ ሰው ሆነው ጉረኛውን ይመለከቱ የነበሩት ሟቹ ነበሩ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አንድ ገጽ ቅጽ አለን። የሟች ቁልፍ ካረፈበት ቀን ጀምሮ ይሰረዛል፣ ከዚያ ወዲህ የተቆጠረውም ተመልሶ ይነሳል። የሦስት ወሩ ድምር ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል። ቅጹና የእርስዎ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ በአንድ ኪስ ነበሩ። ቁጥር መጨመር እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ማን ያውቅብሻል ያሉትም እውነትዎን ነው፣ ማንም አያውቅብኝም። ሦስት ቀን ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን የጓሮው በር ትዝ አለኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እርስዎ ሳንቃውን ይዘው፣ እኔ ሜትሩን ዘርግቼ ቁጥሩን አነብልዎት ነበር። ከዚያ ሌላ ሳንቃ አልነበረዎትምና «ደረሰ?» ሲሉኝ ደስ እንዲልዎት ብዬ «ደረሰ» አልኩ። በሩ ከታች ሁለት ጣት አጠረ። አልመቱኝም፣ አልጮኹብኝም። እንዳለ ገጠሙትና «ይህ ብርድ የሚገባው በአንቺ ቁጥር ነው» አሉኝ። እስከ ዛሬም አልደፈኑትም። ቤት በመጣሁ ቁጥር ከሰው ሁሉ ቀድሜ የማየው እሱን ነው። ቅጹን ሞላሁና ፈረምኩ።

ድምሩ ሲዘጋ አናጢው ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ የጎደለው ከአንድ ሰው ቁልፍ አይበልጥም። ኃላፊው የፕሮግራሙን ስም በእርሳስ ከበበው። ስለዚህ የሰሙት ወሬ እውነት ነው፣ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው የምነግርዎት፤ መልሴ የዘገየውም ነገሩ እስኪለይ ድረስ ነው። ቢቆጡም ይገባዎታል፤ አዝኛለሁ፣ ግን ቅጹ ዛሬ ተመልሶ እጄ ቢገባ ያንኑ እጽፍበታለሁ።

ቁልፉን ላጠፋ ስመለስ አዋላጇ «ታዲያ ሐሙስ ምን ልጫን?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው። ሪሞቱን በቀሚሳቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩና፣ የመጨረሻው ዕለት መጥቼ አብሬያቸው እንዳይ ለመኑኝ። ደንቡ ባይፈቅድም ሄድኩ። የእንግዳውን ቁልፍ ግን አልነካሁም። እኔ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ክርኔ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። አዋላጇ ካውያቸውን ነቀሉና ቁልፍ አንድን ተጫኑ።

ጉረኛው የዚያን ዕለት የሚሠራው አልዘጋ ያለ መሳቢያ ነበር። ጎኑን ላገው፣ አዲስ ወለል አበጀለት፣ ሙጫውን አበዛ፤ አዎ፣ አየሁት፣ አበዛ። ስንብት የሚባል ነገር አልተናገረም። መሳቢያውን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ፣ መሣሪያውን ጠራርጎ አስቀመጠ፣ አለቀ። አዋላጇ ከወንበራቸው አልተነሱም። «ነይና እዪ፣ ነይና እዪ እያለ ሲጣራኝ የኖረው ለዚህ ነበር እንዴ» አሉ። ከዚያ ቁልፍ አንድን መልሰው ተጫኑና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔም ጫማዬን ፈልጌ ወጣሁ።

በማግስቱ ወረቀት ላይ የአናጢው ፕሮግራም ከዚያ ቤት አንድ ተመልካች ነበረው። እርስዎም እዚያ ትከሻዎን እያንቀሳቀሱ አይተዋል፣ እኔም እዚህ አይቻለሁ። ሁለታችንም ወረቀቱ ላይ የለንም።

ታናሽ እህቴን ይሳሙልኝ፤ እጅሽ ተባረከ፣ ግን አባባ ሲሳደቡ ትንሽ እያለዘብሽ ጻፊ ይበሏት። ባለ ሁለት ጥርሱን ልጇን ጉንጩን ይንከሱልኝ። አክስቴ መድኃኒቷን ሶፋው ሥር መደበቋን እንዳወቅኩባት ይንገሯት፤ ሰላምታዬንም ከዚያ በኋላ ይስጧት። ሐሙስ ሐሙስ አብሮዎት እያየ የሚከራከርዎትን ጎረቤታችንን መካኒኩን እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ፤ አሁን ሰዓቱ ክፍት ስለሆነ ሁለታችሁ ሥራ ፈትታችሁ እንዳትጣሉ።

ሥራ ላመጣላችሁ ነው አባባ። የጓሮውን በር ይድፈኑልኝ። መጋዙን መካኒኩ ይያዝ፣ ሳንቃውን እህቴ ትያዝ፣ እርስዎ ቆመው ይቆጧቸው። ባለፈው ስመጣ እርስዎ ጋደም ብለው ሳለ ክፍተቱን ለክቼዋለሁ፤ በግራ በኩል ሦስት ሴንቲ ተኩል፣ በቀኝ በኩል አራት። ይህን ቁጥር ሊያምኑኝ ይችላሉ።

ልጅዎ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛዬ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን