የአሜሪካው ቫዮሊን ያመጣብኝ ጣጣ

ጥር 14፣ ሐሙስ

ደሜ ፈልቷል! አባባ ማሲንቆዬን ሣጥን ውስጥ ቆለፉብኝ። እሑድ ጓደኛዬ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሲዳር የምጫወተው እኔ ነኝ፤ እኔን ተማምኖ ሌላ አጫዋች አልያዘም።

እርግጥ ነገሩን የጫርኩት እኔ ነኝ። ከቤተ መጻሕፍት ያገኘሁትን ወሬ ስም ደብቄ አነበብኩላቸው። «አንድ ታላቅ ሰው ነበር፤ አገሩን ካቀኑት አንዱ፣ ኋላም መሪዋ። በወጣትነቱ በየቀኑ ለሰዓታት አውታር ይነካ ነበር።»

መሪጌታው አባቴ ፊታቸው በራ። «ሸጋ ሰው! እንደ ዳዊት በገና ደርዳሪ!»

«ኧረ አሜሪካዊ ነው፣ አባባ! ሦስተኛው ፕሬዚዳንታቸው። የሚጫወተውም ቫዮሊን፤ ልክ እንደ ማሲንቆዬ በደጋን የሚገዘገዝ።»

ከመደቡ ዘለው ተነሡ። «የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ልትሆን!»

«ምነው አባባ? እሱ ሲገዘግዝ ታላቅ ሰው፣ እኔ ስገዘግዝ አዝማሪ?»

«እሱ አገር አቅንቷል! አንተም መጀመሪያ አገር አቅና፣ ከዚያ ትገዘግዛለህ!» ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

ይሄ ፍርድ ነው? እሳቸው ጸናጽል ይዘው ሲወዛወዙ፣ በከበሮ ሲዘሉ፣ እኔ አንድ ቀን ቃል ተንፍሼ አላውቅም!

ደግሞ ዛሬ ሐሙስ ነው። እስከ እሑድ የምን አገር ላቀና ነው?