ፊሽካው እጄ ላይ የወደቀበት ሳምንት

ረቡዕ

ኦፍሳይድ አልነበረም! ሺህ ጊዜ ብናገረው አይሰለቸኝም። አልነበረም።

ኳስ በሚታይበት ቤት ከተሰበሰበው አርባ የሚሆን ሰው መሀል ሴቷ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ድምፄ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ጎላችን ሲሻር ብድግ ብዬ፣ «አንተ ዳኛ፣ ይሄን ዓይንህን ለሚጠቀምበት ሰው ስጠው!» ብዬ ጮህኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ተሸነፍን። የቡድኔን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ደብተሩን ያገኘ ሰው እንዳይስቅብኝ። ዋንጫ ካየን ቆይተናል።

ቤት ስገባ ባሌ አድማሱ ተከታታይ ድራማው ላይ ተተክሏል። በሰው ቤት ሚስት ድራማ ታያለች፣ ባል ኳስ ያያል። የእኛ ተገላቢጦሽ ነው። ጭራሽ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ልጅቷ አባቷን አወቀችው» አለኝ።

እኔ በኦፍሳይድ ልፈነዳ ደርሻለሁ፣ እሱ ለማያውቃት ልጅ ያለቅሳል! ሪሞቱን ስጠኝ ብለው እሺ የሚል ሰው አይደለም። ስለዚህ ንዴቴን እዚሁ ልጻፈው፦

ኳስ ወደ በረኛ የሚመልስ ተከላካይ ቡድን ይቀየርለት፣ ወይም ሥራ።

ስለ ተጫዋቹ አያት ሲያወራ ጎል የሚያመልጠው ኮሜንታተር፣ እሱም እንደዚያው።

ዳኝነት ቀላል ሥራ ነው። ዓይን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሐሙስ

አፌ ጉድ ሠራኝ።

ጠዋት መዝገብ ቤት ፋይል እየደረደርኩ አቶ ግርማ መጡ። የመሥሪያ ቤታችን የስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። እሁድ የቦንጋና የዋጫ የመንግሥት ሠራተኞች ይጋጠማሉ። ዳኛው ግን ሺሺንዳ ደርሶ ሲመለስ ከሞተር ወድቆ እግሩ ወለም ብሎታል።

«ሌላ ዳኛ ፈልጉ እንጂ» አልኩ፣ ምንም ሳይገባኝ።

«አግኝተናል» አሉ። «ትናንት አንቺ ስትጮኺ እኔም እዚያው ጥግ ተቀምጬ ነበር።»

ቢሮው በሙሉ አጨበጨበ። እምቢ ብል ሁለት ነገር ይባላል፤ ሴት ስለሆነች ፈራች፣ ደግሞም አፍ ብቻ ናት። ሁለተኛው ትንሽ እውነት አለው።

ማምለጫ አላጣሁም። «የባሌ ወንድም ታምሩ እኮ ለዋጫ ነው የሚጫወተው፤ ባሌም የዋጫ ልጅ ነው» አልኳቸው።

«ቦንጋ ውስጥ ዋጫ ላይ ዘመድ የሌለው ሰው ካለ አምጪልኝና እሱን አስዳኛለሁ» አሉኝ። ምን ይባላል? እሺ አልኩ። አልኩ እኮ!

ለአድማሱ ስነግረው ድራማውን አቆመ። ድራማውን! «ለተቀመጠ ሰው ሰማይ ቅርቡ ነው» አለኝ። «እስቲ ተነሥተሽ ንኪው።»

ዓርብ

የጨዋታውን ሕግ ስልኬ ላይ ሳነብ ዋልኩ። ኔትወርኩ በየገጹ ይሞታል። ኦፍሳይድ ላይ ስደርስ ለሦስት ዓመት በስሕተት ስጮህ እንደነበር ገባኝ። ይህን ለማንም አልናገርም።

ቢጫ ካርድ የለንም አሉ። ከክላሰር ሽፋን ቆርጬ ሠራሁ። ቀዩን ከሌላ ክላሰር። ፊሽካውን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ብለማመድ የጎረቤት ውሾች ሁሉ ተነሡብኝ።

ማታ ላይ አማቴ እማማ አስካለ ከዋጫ መጡ፣ ማር ይዘው። «የልጄን ጨዋታ ላይ ነው የመጣሁት» አሉ። አድማሱ ማሩን አይቶ «ለዳኛዋ ነው?» ብሎ ሳቀ። እኔ ሳቄ አልመጣም። ስድስት ዓመት በትዳር ኖሬ እማማ ይወዱኝ አይወዱኝ እስካሁን አላወቅኩም። ቃል ቆጥበው ነው የሚናገሩት፤ ለእኔ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ይቆጥባሉ።

ቴሌቪዥኑን መዝሙር ላይ አደረጉት። እሺ፣ እንግዳ ናቸው። መዝሙሩ ሲያልቅ የቆየ ጨዋታ አገኘሁና አብረን አየን። አንድ አጥቂ ባዶ ጎል ሳተ። ስታዲየሙ ጮኸበት። እኔም ጮህኩበት።

«እናቱ ታየው ይሆን?» አሉ እማማ።

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነስኩ። ስለዚያ ሰውዬ እናት አስቤ አላውቅም።

ቅዳሜ

ሜዳውን አየሁት። ሣሩ ጥሩ ነው። አንደኛው ጎል መረቡ ተበጣጥሷል፤ ከብት አስሮበት የነበረ ሰው አለ ይላሉ። ቀዳዳው ሰው ያሳልፋል። «ይሰፋ» አልኩ። «ይሰፋል» አሉ። በዚህ አገር «ይሰፋል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ሁለት ዙር ሮጬ ትንፋሼ ተቆረጠ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቡድኔ ጨዋታ ሊጀመር ሲል መብራት ጠፋ። ጸሎቴ ይህ ነበር እንዴ! ስልኬ ላይ ቁጥሩን ብቻ እያየሁ ግቢው ውስጥ ተመላለስኩ። አንድ ለዜሮ። ሁለት ለዜሮ! እልል አልኩ፤ ጎረቤት ሙሽራ የመጣ መስሏት ወጣች። ያላየሁት ጨዋታ ላይ ነው የምናሸንፈው። ከእንግዲህ ባላይ ይሻላል መሰለኝ።

ታምሩ ደወለ። ዋጫ አስተማሪ ነው፣ ሲያወራ ሳቁ ይቀድመዋል።

«እትዬ ወይንሸት፣ ነገ አደራ!»

«አደራህን ለበረኛህ ንገረው» አልኩት።

እሁድ

ከሜዳ ገብቼ እጄን ሳልታጠብ ነው የምጽፈው። ደብተሩ ቢጨቀይ ለዚያ ነው።

ሲዘንብ አርፍዶ ስምንት ሰዓት ላይ አባራ። ሰው ሜዳውን ከቦ ሞልቶታል። የአድማሱን ጥቁር ሱሪ ለብሼ ስገባ አንዱ፣ «ዳኛዋ ወጡን ጥዳ ነው የመጣችው?» ብሎ ጮኸ። ዞር ብዬ፣ «ባሌ ጥዶታል፣ አንተ አታስብ» አልኩት። ሜዳው ሳቀ። ፍርሃቴም እዚያው ላይ ለቀቀኝ።

የመጀመሪያው ጥፋት ላይ ፊሽካ ስነፋ ሃያ ሁለት ወንድ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሃያ ሁለት! ቤቴ ውስጥ አንድ ወንድ ሪሞት አስቀምጥ ብዬው አይሰማኝም። ደስታው ሌላ ነው፣ ምንም አልዋሽም።

ቦንጋ ቀድሞ አገባ። ከእረፍት በኋላ ዋጫ አቻ ሆነ። የእኛው መሥሪያ ቤት ሹፌር ሰው ጠልፎ ጣለና ቢጫ አሳየሁት። ካርዱን አተኩሮ አይቶ «ይሄ የክላሰር ሽፋን አይደል?» አለኝ። «ፋይልህ ውስጥ ነው የሚገባው» አልኩት።

ከዚያ መጨረሻዋ ደቂቃ መጣች።

ታምሩ ኳስ ይዞ ሁለት ሰው አለፈ። እኔ ትንፋሽ አጥቼ ገና መሀል ሜዳ ላይ ነኝ። መታ። ኳሱ ቋሚው አጠገብ በርሮ ከጎሉ ጀርባ ሣር ውስጥ ገባ። መረቡ እንደሆነ አልተሰፋም። በቋሚው ውስጥ ገብቶ በቀዳዳው ወጣ ወይስ በውጭ አለፈ? አላየሁም። ከሩቅ አንድ ናቸው። ዋጫዎች እየዘለሉ ነው። ታምሩ ማሊያውን አውልቆ ይሮጣል። የቦንጋ በረኛ «በውጭ ነው!» ብሎ ይጮኻል። የመስመር ዳኛው ጀርባውን ሰጥቶ ጃንጥላ ከሚጋርድበት ሰው ጋር ይጨቃጨቃል።

እኔ ምን አደረግኩ? እውነቱን ልጻፍ። ቀና ብዬ ሪፕሌይ ጠበቅኩ። ሁለት ሰከንድ ያህል፣ ደመናውን እያየሁ፣ ከሌላ በኩል እንደገና የሚያሳዩኝ መስሎኝ! ደመናው ምንም አላሳየኝም።

ከበቡኝ። ግማሹ «ጎል በይ!» ግማሹ «እንዳትይ!» ይላል። ከኋላ አንዱ፣ «የባሏ ወንድም እኮ ነው፣ ምን ታስባለች፣ ታጸድቀዋለች» አለ። ይህቺ ቃል አጥንቴ ድረስ ገባች። ባጸድቀው ለዘመድ አዳላች፣ ብሽረው ፈርታ ነው ይባላል። ያንን ኦፍሳይድ ያለውን ዳኛ በዚያች ሰዓት ይቅርታ ጠየቅኩት።

ያኔ እማማን አየኋቸው። ሰው ሁሉ ጭቃውን ሸሽቶ ዳር ሲቆም እሳቸው ጎሉ ጀርባ ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው። ከእሳቸው የቀረበ ሰው የለም። ሄድኩ። ሃያ ሁለቱም ተከተሉኝ።

«እማማ፣ ኳሱ በውስጥ ነው ወይስ በውጭ ያለፈው?»

እማማ እኔን አዩኝ። ከዚያ ማሊያውን በእጁ የያዘውን ልጃቸውን አዩት።

«በውጭ ነው» አሉ።

የአግቢው እናት አልገባም ካለች ማን ይከራከራል? ፊሽካዬን ነፋሁ። አንድ ለአንድ አለቀ። ኮሚቴው በሚቀጥለው እሁድ ይደገም አለ። ታምሩ ግን እናቱን ሳይሰናበት መኪና ውስጥ ገብቶ ወደ ዋጫ ሄደ። ደስታዬ ግማሹ አብሮት ሄደ።

ሰኞ

ቢሮ እንደ ሙሽራ ተቀበሉኝ። አማቴን በቪዲዮ በሚዳኘው መሣሪያ ስም «እማማ ቫር» ብለዋቸዋል። ስልክ ያልደወለልኝ የለም። ታምሩ ብቻ ሦስቴ ደውዬለት አላነሳም።

ከሥራ ስመለስ እማማ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ ላጥኩ። ልቤ ሞልቶ፣ «እማማ፣ ትናንት በልጅዎ ላይ እውነቱን መስክረው አዳኑኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳቸው።

«ምን እውነት?» አሉኝ። «እኔ ምኑን አይቼ!»

ቢላው ከእጄ ወደቀ።

«ታምሩ ኳስ ይዞ እዚያ ግርግር ውስጥ ሲገባ እግሩን የሚሰብሩት ይመስለኛል። ዓይኔን ጨፍኜ በካፊኖኖ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ ስጸልይ ነበር። ስከፍት አንቺ ፊቴ ቆመሻል።»

«ታዲያ በውጭ ነው አሉኝ እኮ!»

«ገብቷል ብልሽማ ያ ሁሉ ወንድ ይበላሽ ነበር። ታምሩ ጎል ሌላ ቀን ያገባል። አንቺን ግን አንዴ ስምሽን ካጠፉት ማን ይመልስልሻል?» ብለው ሽንኩርታቸውን መላጥ ቀጠሉ።

አለቀስኩ። በሽንኩርቱ አላመካኝም፤ አለቀስኩ። ስድስት ዓመት ይጠሉኛል ብዬ የፈራኋቸው ሴት ስለ እኔ ልጃቸውን አስቀየሙ።

ግን ደግሞ፣ ገብቶ ከነበረስ? የልጁን ጎል ቀምተነዋል ማለት ነው። አድማሱ «ዝም በይ፣ ይደገማል እኮ፣ ምን ጣጣ አለው» ይላል። ለእሱ ቀላል ነው። ፊሽካውን የነፋሁት እኔ ነኝ። ነገ ለታምሩ እውነቱን እነግረዋለሁ፣ ከፈለገ ይክሰሰኝ።

ማክሰኞ

በምሳ ሰዓት ቤት መጥቼ ደወልኩ። አነሳ! ሳቁ አልቀደመውም።

«ታምሩ፣ ስለ እሁዱ አንድ ነገር ልነግርህ...»

«እኔ ልቅደምሽ፣ እትዬ» አለኝ። «በውጭ ነው ያለፈው።»

«ምን?»

«ኳሱ። ቋሚውን ታክኮ በውጭ ነው ያለፈው፣ አይቼዋለሁ። ሌሎቹ ሲጮኹ እኔም ጮህኩ። ማሊያዬን ሳይቀር አወለቅኩ! እማዬ እዚያው ሆና ስዋሽ አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ምን ብዬ አናግራት? ተቆጥቼ መስሏችሁ ነው? አፍሬ ነው እንጂ።»

እዚያው ቁጭ አልኩ። ልክ ነበርኩ! ማንም ሳያይ፣ እኔም ሳላይ፣ እማማም ሳያዩ ልክ ነበርን! ልነግረው የነበረውን ምላሴ ጫፍ ላይ አገኘሁት፤ «እናትህ እኮ ጨፍነው ነበር» ብል ልጁ እንዴት ቀልሎት እንደሚስቅ ታየኝ። አላልኩም። ዋጥኩት። ኃጢአት ከሆነ ይቆጠርብኝ።

«እማማን ላገናኝህ» ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው።

እማማ ረጅም ጊዜ አዳመጡት። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ ግርምት መጣ፣ ከዚያ ሳቅ፤ ሳቁን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑት።

«አየሁህ እንጂ፣ ልጄ» አሉት በቁም ነገር። «እናት የማታየው ምን አለ? በል፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ።»

ይህን ሲሉ እኔን በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ግርማ መጥተው፣ ዋናው ዳኛ እግሩን እየተሻለው ስለሆነ እሁድ ልተካሽ ወይ አሉኝ። እንዴት ተደርጎ! ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሜዳ ሄጄ ሦስት ዙር ሮጥኩ። ሦስተኛው ላይ ቁና ቁና ተነፈስኩ፣ ግን ጨረስኩት። እሁድ ኳሱ ወዴትም ቢሄድ አጠገቡ ለመድረስ ነው፤ መድረሴን እንጃ።