ሳይከፈት ሦስት ሳምንት ስለታከመው የባለቤቴ ጥርስ

ለተከበሩ የሰፈራችን የጥርስ ሐኪም
በክሊኒክዎ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሐኪም ሆይ፤ ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎ፣ የተከበረው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ሠላሳ ሁለቱ ጥርሶችዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከክሊኒክዎ ፊት ለፊት ያለው ባለ ሉካንዳ ነኝ፤ ባለፈው ማክሰኞ በርዎን በእርግጫ ከማጠፊያው የነቀልኩት ማለት ነው። ብዕር ያነሣሁት ስለ በሩ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ ገና ስጀምር ግን ደሜ ስለፈላ፣ በቅድሚያ ምስጋናዬን እንዲቀበሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

፩ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። በአውቶቡስ መናኸሪያው በድምፅ ማጉያ ተሳፋሪ የምትጠራው ባለቤቴ፣ የታች መንጋጋ ጥርሷ ሥሩ መግል ቋጥሮ፣ ጉንጯ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ደጅዎ ስትደርስ፣ እንግዳ ተቀባይዎ እርስዎ አስቀድመው ፈርመውና ማኅተም መትተው ከተዉላት የማዘዣ ክምር አንዱን ገንጥላ፣ ስሟን ብቻ ሞልታ ሰጠቻት። እርስዎም በበሩ ብቅ ብለው፣ አይዞሽ እናቴ፣ አንቲባዮቲኩ ያደርቀዋል ብለው አጽናንተዋታል። አፍሽን ክፈቺ ያላት ግን አልነበረም።

፪ኛ. ስለ ጽናትዎ። ሕመሙ አራት ቀን በረድ ብሎ በአምስተኛው ሲያገረሽ ያንኑ ኪኒን ደገሙላት፤ ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ደግሞ ጠንከር ያለ ነው ብለው ሌላ ደረቡበት። ራጅ አልተነሣች፣ ጥርሱ አልተከፈተ፣ መግሉ አልፈሰሰ። እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ነገር ግን አጥንት ሥር የገባ ብልሽት ላዩን ጨው ስለነሰነሱበት እንደማይለቅ፣ ቢላ ገብቶ መውጣት እንዳለበት፣ ሃያ ዓመት ሥጋ ስቆርጥ አይቻለሁ።

፫ኛ. ይኼኛውን ምስጋና እኩል እንካፈለዋለን። አንዲት ፍሬ እንዳታልፋት ሰዓት ይዤ አጠገቧ የቆምኩት እኔ ነኝ። አልተሻለኝም፣ ይነቀልልኝ እያለች ስታለቅስ፣ ከሐኪም ልታውቂ ነው እንዴ ብዬ የጮኽኩባት፣ አፏ አልከፈት ሲል በጣቴ ፈልቅቄ ያስዋጥኳት እኔው ነኝ። ነክሳኛለች። ምነው ቆርጣ በጣለችው ኖሮ!

፬ኛ. እሑድ ቀትር ላይ እብጠቱ ወደ አንገቷ ወረደ፤ ምላሷ ወደ ላይ ተገፍቶ ምራቋን መዋጥ አቃታት፤ ከንፈሯ ጠቆረ። በሥጋ መጫኛ መኪናዬ ሆስፒታል አደረስኳት። እዚያም የአንገቷን ግራና ቀኝ ሰነጠቁት፣ ጉሮሮዋን በስተው መተንፈሻ ቱቦ ከተቱ፤ መግሉ ተፈናጥሮ ፊቴን መታኝ፣ እግሯን ይዤ ሳለሁ እኔ ስንት በሬ ያረድኩት ሰውዬ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ቀዶ ሐኪሙ፣ ይኼ እኮ በመጀመሪያው ቀን ተከፍቶ የሚጸዳ ወይም የሚነቀል ነበር፣ ኪኒን ብቻውን ምን ያደርግለታል ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጥርሱንም ያን ዕለት ነቀሉት፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባቸውም።

ክቡርነትዎ፣ ማክሰኞ ዕለት ቢላዬን ሱቅ አስቀምጬ መምጣቴን እንደ ትልቅ ውለታ ይቁጠሩልኝ። ሐሳቤ ጥርስዎን በጉጠት አንድ በአንድ፣ ያለ ማደንዘዣ፣ ከፊት ጀምሬ መንቀል ነበር። በሩ ሲወድቅ እንግዳ ተቀባይዎ ጮኸች፤ ቀጥላም ባለቤቴ የነከሰችውን የጠቆረ ጣቴን አይታ፣ ከክምሩ አንድ ማዘዣ ገንጥላ ዘረጋችልኝ። ወይ ጉድ! ክምሩን ሙሉ ጉሮሮዎ ውስጥ ልጠቀጥቀው አንሥቼ ስፈልግዎ፣ ራጅ ክፍል ገብተው ቆልፈው ተገኙ። ራጅ ክፍል እንዳለዎት ያወቅሁት ያኔ ነው። ዘበኞቹ ባይደርሱ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው ከእስር ቤት በሆነ ነበር፤ አሁንም ስላስጣሉዎት አዝንባቸዋለሁ።

ባለቤቴ ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ትተነፍሳለች፤ ድምፅ ግን የላትም፣ ይመለስ አይመለስ ሐኪሞቹም አያውቁም። በመናኸሪያው ሌላ ሰው ይጣራል። ስትነቃ ወረቀት ሰጥቻት መጀመሪያ የጻፈችው አንዲት ቃል ናት፤ «ነቀሉት?» ትላለች። አዎ ብዬ ብነግራት አላመነችኝም፤ ጣቷን ሰድዳ ድዷን ዳበሰች። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ።

ለሦስቱም ማዘዣዎችዎ እጅ እየነሣሁ፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳይጎድልበት፣ የክሊኒክዎም ደጅ ጉንጩ ካበጠ ሰው እንዲጠበቅ እየተመኘሁ፣ በማይበርድ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የባለቤቱን አፍ ፈልቅቆ ትእዛዝዎን የፈጸመው
ባለ ሉካንዳው ጎረቤትዎ

ግልባጭ፦
በክሊኒክዎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ለሚጠብቁ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ጥርሱን በጥጥ ጠቅልዬ በዚሁ ፖስታ ልኬልዎታለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያክሙት አንድም ቀን ስላልተያያችሁ፣ ትንሽ ቢሸትዎም ይተዋወቁት።