ማማው ላይ ላለሽው ሀስና

ሀስናዬ፣ ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ይድረስሽ።

ቆቦ ፀሐይ በምታነድበት በዘጠኝ ሰዓት ኖርዌይ ጨለማ ነው። አጎቴ ታሂር የሚያጸዳውን የአንድ ሟች ገጣሚ ቤት አሳየኝ። ሰውየው አርባ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ፕሮፌሰር ነበር፤ በወጣትነቱ ቆቦ ኖሯል። ባዶው ክፍል ውስጥ ድምፁ ከቴፕ ግጥም ያነባል። በአገሩ ቋንቋ ሲያነብ ቆይቶ፣ ድንገት በእኛው አማርኛ «ሀስና፣ ከማማው ውረጂ» አለ።

«ቴፕ እኮ ነው፣ አንቺ ፈሪ!» ብሎ አጎቴ ሳቀብኝ።

እኔ ስሟን የወረስሻትን አክስትሽን አሰብኩ። ማማው ላይ ማሽላ ከወፍ ስትጠብቅ፣ ጂን ሦስቴ አይጠራም እየተባለ፣ ሦስቴ ሳትጠራ «አቤት» ብላ ወርዳ የቀረችውን። ድምፁ ደግሞ ጠራ። ሦስተኛውን ሳልሰማ ሮጬ ወጣሁ።

ዘንድሮ ማማው ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ። ማንም ቢጠራሽ እንዳትወርጂ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ፖስት ካርዱ ሞላ።

ነሲባሽ